የታመመው ኮርቻ

ቦራ ሰው ገደለ ተባለ።

እንግዲህ ፈረስ ምን ይላል? ጠበቃ አያቆም፣ ምስክር አይጠራ። ዳላስ አጠገብ ካለችው ከሜስኪት ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የፈረስ ማቆያ፣ ጋሽ ወልዴ በማለዳ ጋጣው ውስጥ በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። ራሳቸው ተፈንክቷል፤ ባርኔጣቸው ድርቆሹ ላይ ወድቋል። ቦራ ከማቆያው ኮርቻዎች አንዱ እንደተጫነበት ግድግዳውን ተጠግቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽማግሌው የወደቁት ከፈረሱ በስተግራ፣ ልክ ከግራው እርካብ ሥር ነው። ያገኛቸው የማቆያው ባለቤት ዌይን ቦታውን የገዛው በቅርቡ ነው፤ ለፖሊስ የሰጠው ቃልም አጭር ነበር።

«ሊወጡበት ሲሉ ጣላቸው፤ ከዚያ ረገጣቸው። ፈረሱ ለነገሩ ድሮም ደህና አልነበረም። ስትጠጋው ጆሮውን አጣጥፎ ሊነክስህ ይመጣል።»

መርማሪ አገሬ ተሻገር መዝገቡን ዘግታ ወደሚቀጥለው ማለፍ ትችል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ያደርገው ነበር። እሷ ግን በልጅነቷ መጥታ ዳላስ ትደግ እንጂ፣ ግትርነቷን ከነሥሩ ነቅላ ነው ይዛ የመጣችው። ነገር አልዋጥ ካላት አትውጥም። ደግሞ አንድ ልማድ አላት፤ ባልደረቦቿ ከኋላዋ የሚስቁባት። ሰው የሞተበት ቦታ ብቻዋን ገብታ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ምን እንደምትጠብቅ ቢጠይቋት እሷም አታውቀውም።

አስከሬኑን ያየው ሐኪም ስልክ ላይ እንዲህ አላት።

«ኮቴም ሊሆን ይችላል፣ ብረትም ሊሆን ይችላል፤ ከቁስሉ መለየት አልቻልኩም። አንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነኝ። ሰውየው ወዲያው አልሞቱም። እየተነፈሱ ቆይተዋል። ያኔ አንድ ሰው አምቡላንስ ቢጠራ ኖሮ...»

ሐኪሙ አልጨረሰውም። አገሬም የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች።

* * *

ለቅሶ ቤቱ ሜስኪት ውስጥ ያለው የልጃቸው የእታለማሁ ቤት ነው። ጋራዡ ተከፍቶ ወንበር ተደርድሯል፤ በሁለቱም በኩል እስከ መታጠፊያው ድረስ መኪና ፓርክ ተደርጓል። እታለማሁ ከኤርፖርት ሥራዋ የለበሰችውን ዩኒፎርም ሳታወልቅ ጥቁር ነጠላ ደርባበት ተቀምጣለች። አገሬን ስታይ እጇን ያዘቻት፤ አልለቀቀቻትም።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አባቴን የገደለው ቦራ ነው ወይስ አይደለም?»

«እያጣራሁ ነው።»

«አርብ የእንስሳት ሐኪሙ ይመጣል። በመርፌ ሊገላግለው። ዌይን ውሰዱልኝ ብሏል፤ ሰው የገደለ ፈረስ ደግሞ ማን ይቀበለኛል?» ድምፅዋ ተሰበረ። «አባዬ እኮ ሌላ ነገር አልነበረውም። ካገሩ መጥቶ እኔ ጠዋት ማታ ሥራ፣ ልጆቹ እንግሊዝኛ ብቻ። ያ ፈረስ ነበር የሚሰማው። ‹እኔ ብሞት ቦራን አደራ› ብሎኛል። የገዛ ገዳዩን ነው አደራ የሰጠኝ?»

አጠገቧ የተቀመጡ አሮጊት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ሰው የገደለ ከብት አይቀመጥም። ካገራችን የወጣ ሕግ ነው።»

«እኔም የምላት ይሄንኑ ነው እማማ» አለ ወንበር ተሸክሞ የሚያልፍ ሰው። ጳውሎስ ይባላል። ያገለገለ ዕቃ ከየቤቱ እየገዛ ኦንላይን የሚሸጥ፣ ለቅሶም ሠርግም ሲኖር ወንበር በማመላለስ የሚታወቅ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ካውቦይ ቦቲ አድርጎ እዚያው ማቆያ ፈረስ ተከራይቶ የሚጋልብ። «ማለቴ፣ ባየችው ቁጥር አባቷን ነው የሚያስታውሳት። ቶሎ መገላገል ነው። እህት አገሬ፣ ውሃ ላምጣልሽ?»

አመስግና ውሃውን ተቀበለች። ደግ ሰው ነው፣ ብላ አሰበች። እስከ ዛሬ ድረስ ያቺን የውሃ ጠርሙስ ስታስታውስ ይዘገንናታል።

* * *

ማቆያው ስትደርስ ዌይን በአገጩ ወደ አንድ ሰው ጠቆማት። «ከሽማግሌው ጋር ባለፈው ቀን ሲጯጯሁ ሰምቻለሁ።»

ሰውየው ሀሩን ነው። ከወሎ የመጣ፣ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ከቦራ ጎን ባለው ጋጣ አንዲት ባዝራ ያለችው ጎልማሳ።

«ከጋሽ ወልዴ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ተጣልተናል።» ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ድርቆሽ የማመጣላቸው እኔ ነኝ። የሻገተ አመጣሁ። ‹ይሄን አንተ ትበላዋለህ?› አሉኝ። እኔም አፌ እንዳመጣ ተናገርኩ።»

«በሞቱበት ማለዳስ የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ።»

አገሬ እዚያው ቆማ መሥሪያ ቤቱን ኮል አደረገች። ሀሩን ያን ቀን ፈቃድ ወስዷል። ስልኩን ዘግታ ወደ እሱ ዞረች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሀሩን ግን ገና ሳያድር ነው ያለቀው።

«ወላሂ አልነካኋቸውም» አለ፤ ከንፈሩ ደርቋል። «ቴረል ከተማ ሄጄ ነበር። ጥሩ ድርቆሽ ልገዛላቸው። ይቅር በሉኝ ልላቸው። ስመለስ አስከሬናቸው ተወስዷል። የተጣላኋቸው እኔ፣ ፈቃድ የወሰድኩ እኔ። ማን ያምነኛል?»

መኪናው ላይ አረንጓዴ ድርቆሽ እንደታሰረ ተጭኗል። ማንም አላወረደውም። አገሬ አየችውና ልቧ ራራ። ግን ድርቆሽ ምስክር አይሆንም፤ ከተገደሉ በኋላም ሊገዛ ይችላል።

ወደ ኮርቻ ክፍሉ ገቡ። ከግድግዳው ወጣ ብሎ በተመታ ወፍራም እንጨት ሁሉ ላይ ኮርቻ ተጭኗል፤ አንዱ ብቻ ባዶ ነው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የጋሽ ወልዴ።» ሀሩን ግራ ተጋባ። «እዚህ ነበር እኮ። ያኔ መንገዱ በረዶ ከሆነበት ጊዜ ወዲህ አይጭኑትም። ቦራ አንሸራቶት ተገለበጠ፤ አላህ አወጣቸው። ከዚያ በኋላ በባዶ ጀርባ ነው የሚጋልቡት። ኮርቻውን ቅባት ብቻ ይቀቡታል።»

«ለምን አይጭኑትም?»

«‹ታሟል› ነው የሚሉት።»

«ፈረሱ?»

«አይ፣ ኮርቻው። ሽማግሌ ናቸው፤ አልመረመርኳቸውም።»

አገሬ አንድ ነገር ብልጭ አለላት። በባዶ ጀርባ የሚጋልብ ሰው፣ ቦራ ላይ የማቆያውን ኮርቻ ምን ሊያደርግ ጫነ?

ሀሩንን አስወጥታ በልማዷ ብቻዋን ተቀመጠች። ውጭ ፀሐይ ነው፤ ውስጡ ጨለም ያለ፣ የቅባትና የላብ ሽታ ያለበት። ድንገት ሲጥ አለ። ሰው ኮርቻ ላይ ሲመቻች ቆዳው የሚያሰማው ድምፅ። ኮርቻዎቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው፤ አንዱም አልተንቀሳቀሰም። ድምፁ የመጣው ከባዶው እንጨት በኩል ነበር። ንፋስ ነው አለች ለራሷ። ንፋስ ግን አልነበረም።

* * *

ላሮጌ ኮርቻ ነጋዴዎች ስትደውል ውላ፣ ፎርት ዎርዝ የድሮው የከብት ገበያ አካባቢ ያለች ዳርሊን የምትባል ባለሱቅ «እንዳንቺ ዓይነት ንግግር ያለው ሰው አንድ አምጥቶ ትቶልኛል» አለቻት። ዳርሊን ነጭ ፀጉሯን ጎንጉና ወደ ኋላ የጣለች፣ እሷ ያልፈረደችበት ኮርቻ ኮርቻ የማይመስላት ኩሩ ሴት ናት።

ኮርቻውን ጠረጴዛ ላይ ዘፍ አድርጋ ወዲያው ገለበጠችው።

«ሰው ከላይ አይቶ ይገዛል፤ እኔ ከሆዱ ነው የምጀምረው። ይሄ የበግ ለምድ እውነተኛ ነው፤ አንዴ ተቀይሯል፣ በደንብ ነው የተቀየረው። ብሎኑን እይ፤ አንድ ስንጥቅ ብቻ ነው ያለው። ራሱ ላይ መስቀል ያለው ብሎን ከመለመዱ በፊት የተሠራ ነው ማለት ነው። ቆዳው ላይ ያለውን አበባ ደግሞ ዳሺው፤ ሁለት የሚመሳሰል የለም። በእጅ ነው የተቀረጸው። በማሽን የተመታ ቢሆን ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆን ነበር።»

«የማን ሥራ ነው?»

ዳርሊን የፊተኛውን ቆዳ ገለጥ አድርጋ የደበዘዘ ማህተም አሳየቻት። «እዚሁ ከተማ የኖረ፣ የሞተ ሰው። እሱ የሠራውን ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። ጤነኛ ቢሆን ደህና መኪና ይገዛልሽ ነበር።»

«ጤነኛ ቢሆን?»

ሴትዮዋ ኮርቻውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች፤ የፊቱን ቀንድና የኋላውን መደገፊያ አንዱን ወደ አንዱ ሳበች። መሃሉ ተጣጠፈ። ከውስጥ አጥንት ከአጥንት ሲፋጭ የሚመስል ድምፅ ወጣ። የአገሬ ክንድ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ።

«ከቆዳው ሥር ያለው እንጨት አጽሙ ነው። ተሰብሯል። ፈረስ ሲገለበጥበት እንዲህ ይሆናል። ከላይ ምንም አይታይም፤ ፈረስ ላይ ከጫንሽው ግን ጀርባውን ይበላዋል። አሁን ለግድግዳ ጌጥ ካልሆነ ለምንም አይሆንም። ለሰውየው ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። ‹የራሴ ነው፣ ለዓመታት እሁድ እሁድ ስጋልብበት ኖሬ› እያለ ሲከራከረኝ ነበር።»

«ስሙ ማነው?»

«ጳውሎስ ብሏል።»

አገሬ ማስታወሻዋን ዘጋች። ውሃ ላምጣልሽ ያላት ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ።

«አንድ የማይገባኝ ነገር ደግሞ አለ» አለች ዳርሊን፤ ኮርቻውን አቃንታ ሁለቱን እርካቦች እያስተካከለች። «አየሽ? ሁለቱም በእኩል ቀዳዳ ነው የታሰሩት፤ የቀኙ ግን ዝቅ ይላል። ሰው ፈረስ ሲወጣ ክብደቱን የሚጥለው ግራው እርካብ ላይ ነው። ስለዚህ በዕድሜ ብዛት የሚለጠጠው የግራው ቆዳ ነው። እኔ ሱቅ ግራው ከተለጠጠ ኮርቻ በቀር ሌላ ገብቶ አያውቅም። ይሄን የጠገነ ሰው ግራና ቀኙን አቀያይሮ ሰቅሎታል፤ ሌላ ሊሆን አይችልም።»

«ሊሆን አይችልም?»

«ቴክሳስ ውስጥ በቀኝ የሚወጣ ሰው አላየሁም።»

* * *

ኮርቻውን ለማስረጃ ፈርማ ተቀበለችና የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። እንዳይወድቅ ቀበቶ አሰረችለት፤ ወዲያው ደግሞ ባደረገችው ነገር አፈረች። ሠላሳ ቁጥር ሀይዌይ ላይ ወጥታ አርሊንግተንን ስታልፍ መንገዱ በመኪና ተጨናነቀ። ሌን በቀየረች ቁጥር ከኋላ ሲጥ ይላል። ፍሬን ስትይዝ ሲጥ። ሰው ወደ ፊት ሸርተት ብሎ ተመልሶ ሲደላደል ይመስላል። ሬዲዮ ከፈተች። በሬዲዮውም መሃል ይሰማታል።

በመስታወት ማየት ፈለገች፤ አላየችም። ደፋር ሴት ናት፣ በር ሰብራ የምትገባ ሴት። ፈርታ ነበር፤ ምን ይደበቃል።

እታለማሁ ቤት በር ላይ ሞተሩን ስታጠፋ፣ ሳታስበው ከአፏ አመለጣት።

«ጋሽ ወልዴ፣ ደርሰናል።»

* * *

እታለማሁ ኮርቻውን በጣቷ ጫፍ ነካችው።

«የአባዬ ይመስላል። ግን በምን አፌ እምላለሁ? አንድም ቀን ማቆያው ሄጄ አላየሁለት። ‹ነይና እይኝ› ይለኝ ነበር። ሥራ፣ ሥራ።» እንባዋ ወረደ።

ነገሩ ጠንከር ያለ ነበር። ልጅየዋ መማል አትችልም፤ ሀሩን ቢምል ተጠርጣሪ ነው። ጳውሎስ ‹አርሊንግተን ከሞተ ሰው ቤት ዕቃ ሽያጭ ገዛሁት› ቢል ማን ያስተባብለዋል?

«እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ ፈረስ ሲወጣ በየት በኩል ነበር?»

«በቀኝ ነዋ!» አለች፤ ጥያቄው ራሱ እየገረማት። «እንጅባራ እኛ ቤት ፈረስ የሚወጣው በቀኝ ነው። አያቴ ጎራዴውን በቀኙ ነበር የሚታጠቀው፤ በግራ ልውጣ ቢል ጎራዴው ይጋረጥበታል። አባዬንም እንደዚያው አስተማረው፤ እኔንም በልጅነቴ። ቦራንም ገና ሲገዛው ጀምሮ ሌላ ነገር አላስለመደውም። ‹ፈረስ በግራ የሚወጣ ሌባ ነው› ይል ነበር፤ እየቀለደ። ለምን ጠየቅሽኝ?»

አገሬ ፖሊስ ጋጣው ውስጥ ያነሣውን ፎቶ አስታወሰች። ፎቶው ላይ ያሉት ሽማግሌ ታዩዋት፤ ከበስተግራ፣ ከግራው እርካብ ሥር። ጋሽ ወልዴ እዚያ በኩል ምንም ጉዳይ አልነበራቸውም። ሰው ነው ያስቀመጣቸው። ያስቀመጣቸውም ሰው ፈረስ መጋለብ የተማረው እዚህ አገር ነው፤ እሳቸውን ሲወጡ ደግሞ አንድም ቀን አላየም። ሀሩን ግን ጎን ለጎን ጋጣ ይዞ ማለዳ ማለዳ ያያቸው ነበር። እሱ ቢሆን ኖሮ በቀኝ ነበር የሚያስተኛቸው።

«የእንስሳት ሐኪሙ አርብ እንዳይመጣ ደውይለት» አለች በመጨረሻ።

* * *

ጳውሎስ «የምስክርነት ቃል ለመፈረም ነው» ስትለው ማቆያው ድረስ መጣ። ያንኑ ቦቲውን አድርጓል። ኮርቻው በባዶው እንጨት ላይ ተጭኗል። ሲያየው እርምጃው ትንሽ ተሰናከለ፤ ከዚያ ፈገግ አለ።

«ኦ፣ አገኘሽው። የኔ እኮ ነው። አርሊንግተን ከአንድ ቤት ነው የገዛሁት፤ ዓመታት ሆነው።»

«የጋሽ ወልዴ አይደለም?»

«ኖ፣ ኖ። የእሳቸውም ይመስለዋል። አሮጌ ኮርቻ ሁሉ አንድ ነው።»

«የሞቱ ዕለት የት ነበርክ?»

«ፍሪስኮ። ጠረጴዛ ደሊቨር ላደርግ። ሰዎቹን ጠይቂያቸው።»

«ጠይቄያለሁ። የመጣው ከሰዓት ነው ብለዋል።»

«ትራፊክ ነበር። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እህት አገሬ፣ እኔ...»

«አምንሃለሁ። እሁድ እሁድ የምትጋልብበት ነው አይደል? ኦኬ፤ እስቲ ውጣበት።»

ሳቀ። «እንጨት ላይ?»

«እንጨት ላይ።»

ሳያስብ በግራ ዞረ። ግራ እግሩን እርካቡ ውስጥ አስገብቶ ተነሣ፤ ያልተለመደው የግራ ቆዳ ጮኸ። ተቀመጠ። ከዚያ ቀኝ እግሩ እርካቡን ፍለጋ ወረደ፤ አጣው፤ ወደ ፊት ሄደ፤ አጣው። እርካቡ ከቦቲው ጫፍ ዝቅ ብሎ ይወዛወዛል። ጎንበስ ብሎ ሊያየው ሲል ኮርቻው ከሥሩ ታጠፈ፤ ያ የአጥንት ድምፅ ወጣ።

«ስንት እሁድ ጋለብክበት፣ ጳውሎስ?» አለች አገሬ በቀስታ። «እግርህ እርካቡን አያውቀውም። ይሄን ቆዳ ዝቅ ያደረጉት ሰው በቀኝ ነበር የሚወጡት። አንተ ግን ሬሳቸውን በግራ አስተኛኸው።»

ከኮርቻው አልወረደም። እዚያው ላይ እንዳለ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ብቻዬን ልወስደው ነበር የመጣሁት። በማለዳ፣ ሰው ሳይኖር» አለ፤ ድምፁ ራሱን የሚያወራ ይመስላል። «ለካ እሳቸው ቀድመውኝ ይመጣሉ። ኮርቻውን ያዙት። ጎተትኩ። ብረቱ ምሰሶ ላይ ወደቁ።»

«ከዚያስ?»

«ይተነፍሱ ነበር።»

«ሐኪሙ ነግሮኛል።»

«ስልኬ እጄ ላይ ነበር። ስልኬን ይዤ ቆሜ...» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ከዚያ ጎትቼ ጋጣው ውስጥ አስተኛኋቸውና የማቆያውን ኮርቻ ፈረሱ ላይ ጫንኩት። ማለቴ፣ ፈረስ ነው፣ ማን ይጠይቀዋል ብዬ። እኔ ሞታቸውን አልፈለግኩም። እንዲለቁት ብቻ ነበር የፈለግኩት። አልለቀቁም። እየያዙ ያንኑ ይደጋግሙታል። ‹ልጄ፣ ታሟል። የሰው ፈረስ ትጎዳበታለህ› ይሉኛል። ቀድሞ ‹ልግዛዎት› ስላቸውም ያንኑ ነበር የሚሉኝ፤ ዋጋ ሊያስጨምሩ መስሎኝ ነበር።»

አገሬ ብዙ የእምነት ቃል ሰምታለች። ይሄኛውን ግን ቃል በቃል ጻፈችው። ሽማግሌው ኮርቻውን የያዙት ለኮርቻው ሳስተው አልነበረም። ለማያውቁት ሰው፣ ለማያዩት ፈረስ ጀርባ ብለው ነው የሞቱት። ይሄ ሁሉ ሆኖ ደግሞ እውነቱን ነግረውት ነበር።

ጳውሎስን አስይዛ ላከችው። ሲወርድ በግራ ነው የወረደው።

* * *

አርብ ዕለት የሐኪሙ መኪና አልመጣም። እታለማሁ ናት የመጣችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። የሀሩን አረንጓዴ ድርቆሽ ጋጣው ፊት ወርዷል።

ከበስተግራ ጠጋ ስትል ቦራ ጆሮውን አጣጥፎ ጥርሱን አሳየ። ደንግጣ አፈገፈገች።

«እውነትም አብዷል።»

«አላበደም» አለች አገሬ። «ሁሉም በማያውቀው በኩል ስለሚመጣበት ነው። ዞረሽ በቀኝ ሂጂ። አባትሽ ያስተማረሽን ረሳሽው?»

እታለማሁ ዞረች። በቀኙ ቀስ ብላ ቀረበች። ቦራ ጆሮውን አቀና። ረጅሙን አንገቱን ዝቅ አደረገና ሰው ሊወጣበት ሲል እንደሚያደርገው ጀርባውን አደላድሎ ቆመ። ሴትዮዋ ጉያው ውስጥ ገብታ አለቀሰች። በለቅሶው ቤት ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች።

«ይቅር በለኝ አባዬ» አለች። «አደራህን ይዣለሁ። ልገድልህ ነበር እኮ፣ ቦራዬ።»

አገሬ በሩን ተደግፋ ታያቸዋለች። ኮርቻው ማስረጃ ክፍል ተቆልፎበታል፤ እንጨቱ ባዶ ነው። ፈረሱ ግን እታለማሁን አያይም ነበር። ዓይኑ በትከሻዋ በላይ ተሻግሮ የኮርቻ ክፍሉን በር ይመለከታል፤ እንደቆመ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ጆሮውን ወደዚያው አቅንቶ።

ከክፍሉ ውስጥ ሲጥ አለ።

ቦራ በለሆሳስ አሽካካ። አገሬም ሰምታለች፤ ግን ዞር ብላ ለማየት አልደፈረችም።